ብስክሌቱ ጣራ ላይ ወይስ ከኋላ? የኤሌክትሪክ መኪናና የመርካቶ ጭነት

አዲስ አበባ፦ ነዳጅ የሚጠቀሙ መኪኖች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኑን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) ካሳወቁበት ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ አዲስ የቤት መኪና መግዛት ከሞላ ጎደል የኤሌክትሪክ መኪና መግዛት ሆኗል። ስለ ውሳኔው ብዙ ተብሏል፤ ስለ ባትሪው ዕድሜ፣ ስለ ኃይል መሙያ ጣቢያዎች ማነስና ስለ መለዋወጫ ዋጋ እስካሁን ክርክሩ አልበረደም። እምብዛም ያልተነሣ አንድ ጉዳይ ግን አለ። በኢትዮጵያ መኪና የሚገዛው ሰው ለማጓጓዝ ብቻ አይደለም፤ ዕቃ ለመሸከምም ነው።

ይህን ለማወቅ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ መርካቶ መውረድ ይበቃል። ከፍቼ፣ ከደብረ ብርሃን ወይም ከደብረ ማርቆስ በገዛ መኪናው የመጣ ሰው ባዶውን አይመለስም። የስፖንጅ ፍራሽ፣ ቆርቆሮ፣ የውኃ በርሜል፣ ለልጆቹ የትምህርት ቤት ቦርሳ፣ ለሱቁ የሚሆን ሸቀጥ ይዞ ይወጣል። በውስጥ ያልገባው ጣራ ላይ ይወጣና በገመድ ወይም ከአሮጌ ካላማዳሪያ በተቆረጠ ላስቲክ ይጠፈራል። ሰማያዊዎቹ የላዳ ታክሲዎች ለበዓል በግ፣ ለሙሽራ አልጋ፣ ለቤት ለቃቂ ቁም ሣጥን ያጓጓዙት በዚሁ ጣራ ነው። የአዲስ አበባ አስተዳደር በ2011 ዓ.ም. ከባድ የጭነት መኪኖች ቀን ቀን በከተማዋ እንዳይዘዋወሩ ከገደበ ወዲህ ደግሞ የትንንሽ መኪኖች የጭነት ድርሻ ይበልጥ ጎልቷል።

የጭነቱ ቋንቋ ራሱ የገበያውን ታሪክ ይናገራል። የአራዳው ገበያ በጣሊያን ወረራ ዘመን አሁን ወዳለበት ቦታ ተዛውሮ መርካቶ ሲባል፣ ከስሙ ጋር የመኪናና የብስክሌት ቃላትም ገብተው ቀሩ። የጣራ ላይ ዕቃ መጫኛው ፖርቶ መጋላ፣ ጎማው የሚለብሰው ቀለበት ቸርኬ፣ ቀጫጭኖቹ ሽቦዎች ራጂ፣ ሰንሰለቱ ካቴና ሆነው ዛሬም አሉ። ከመኪናው ኋላ ተሰክቶ ብስክሌት የሚይዘው መደገፊያ ግን እስካሁን የወል ስም አላገኘም። ስም ያላገኘውም ገበያው ገና ስላልለመደው ነው።

ብስክሌት ለዚህ ጉዳይ ጥሩ መፈተኛ የሚሆነው ቅርጹ አስቸጋሪ ስለሆነ ነው። ክብደቱ ቀላል ነው፤ ወጣቶች «ማውንቴን» የሚሉት ወፍራም ጎማ ያለው ብስክሌት ከ13 እስከ 16 ኪሎ ግራም ቢመዝን ነው። ርዝመቱ ግን 1 ሜትር ከ80 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል፤ መሪው ከ70 ሳንቲ ሜትር በላይ ወደ ጎን ይዘረጋል፤ እንደ ጆንያ አይታጠፍም፣ እንደ ቆርቆሮ አይደራረብም። ፈላጊውም እየበዛ ነው። ባሕር ዳር ከድሮ ጀምሮ የብስክሌት ከተማ ናት። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2028 የሚዘልቅ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አውጥታለች፤ የኮሪደር ልማቱ በደረሰባቸው መንገዶችም የብስክሌት መስመር ተለይቶ ተሠርቷል። በገጠርም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛው፣ የግብርና ባለሙያውና ከቀበሌ ወደ ወረዳ ከተማ የሚመላለሰው ተማሪ ኮረኮንቹን የሚችል ብስክሌት ይፈልጋሉ።

ከመርካቶ የተገዛ ብስክሌት ወደ ክልል የሚሄደው በአብዛኛው በአውቶቡስ ወይም በሚኒባስ ጣራ፣ አለዚያም በአይሱዙ ላይ ከሌላ ሸቀጥ ጋር ተደባልቆ ነው። ባለቤቱ መናኸሪያ ላይ ሲቀበለው የተጣመመ ቸርኬ፣ የተሰበረ ራጂ ወይም የተቀጠቀጠ የማርሽ መቀየሪያ ማግኘቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ስለዚህ የቤት መኪና ያለው ዘመድ ወይም ነጋዴ «ራሴ ይዤው ልሂድ» ቢል አይፈረድበትም። ችግሩ መኪናው ኤሌክትሪክ ሲሆን የድሮው የጣራ ልማድ እንዳለ አለመሥራቱ ነው።

ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው ክብደቱን ነው። ነገር ግን ክብደቱ ባትሪውን እምብዛም አይጎዳም። ይህንን በዓባይ በረሃ ዳገት ማስላት ይቻላል። መኪናውና ተሳፋሪዎቹ በአንድነት 2,000 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ፣ 1,000 ሜትር ከፍታ ሽቅብ ለማውጣት በሞተሩና በጎማው የሚባክነው ሳይቆጠር 5.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኃይል ያስፈልጋል። ሁለት ብስክሌቶች ከነመደገፊያቸው 50 ኪሎ ግራም ቢሆኑ በዚያ ላይ የሚጨምሩት 0.14 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ነው። ይህም መኪናው በሜዳ ላይ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ለመሄድ ከሚፈልገው አይበልጥም። ወደ ወንዙ ሲወረድ ደግሞ ሞተሩ እንደ ጀነሬተር እየሠራ ከወጪው የተወሰነውን ወደ ባትሪው ይመልሳል።

ባትሪውን የሚበላው ነፋሱ ነው። የአየር ግፊት ከፍጥነት ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በመርካቶ መተላለፊያዎች ሰው በእግሩ በሚሄድበት ፍጥነት የሚንፏቀቅ መኪና ጣራው ላይ ሁለት ብስክሌት ቢኖር ባይኖር ለባትሪው ልዩነት የለውም። ያው መኪና የአዲስ አበባ አዳማን የፍጥነት መንገድ ይዞ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲጋልብ ግን ጣራ ላይ የቆሙት ብስክሌቶች፣ ማንም በማይጋርዳቸው ነፋስ መካከል ስለሚገኙ፣ ጉዞውን ሁሉ እንደ ፍሬን ይይዙታል። አንድ የአሜሪካ የሸማቾች ድርጅት በነዳጅ መኪና ላይ ባደረገው ሙከራ፣ በአውራ ጎዳና ፍጥነት ጣራ ላይ የታሰሩ ሁለት ብስክሌቶች በአንድ መጠን ነዳጅ የሚሄደውን ርቀት በሩብ ያህል ቀንሰዋል። ከኋላ በጋንቾ መደገፊያ ሲታሰሩ ቅነሳው ወደ ግማሹ ወርዷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከኋላ ያለ ዕቃ መኪናው ራሱ ነፋሱን ሰንጥቆ በሠራው ከለላ ውስጥ ይሄዳል። በሬ ፊት ለፊቱ ያለውን አፈር እንጂ ከኋላው ያለውን አይገፋም።

የደጋው ሰው አንድ ጥቅም አለው። በመርካቶ ከፍታ፣ ማለትም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር ባላነሰ ቦታ፣ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አገሮች አየር በሩብ ያህል ስለሚሳሳ ግፊቱም በዚያው መጠን ይቀላል። ይህ ግን የጣራውን ጉዳት ያቃልለዋል እንጂ አያጠፋውም።

ነዳጅ የሚጠጣ መኪና ሩቡን ቢያጣ ባለቤቱ ጫንጮ ወይም ፍቼ ላይ ቆሞ ይቀዳል፤ የሚጎዳው ኪሱ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ሩቡን ሲያጣ የሚጎዳው መድረስ አለመድረሱ ነው። ለምሳሌ በአዲስ አበባ በብዛት የሚታየው ትንሹ ቢዋይዲ ሲገል፣ ትልቁ ባትሪ ሲገጠምለት 38.88 ኪሎ ዋት ሰዓት ይይዛል፤ በቻይና መለኪያም 405 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ተብሎ ይሸጣል። የቻይናው መለኪያ ለጋስ መሆኑ የታወቀ ነው። ዳገቱ፣ ፍጥነቱና ተሳፋሪው ሲጨመሩ እውነተኛው ርቀት ከዚያ ይወርዳል፤ የጣራ ላይ ጭነት ሲደረብ ደግሞ ከቀረው ላይ እንደገና ይቀነሳል። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ፈጣን የኃይል መሙያ ጣቢያ ሥራ አስጀምሯል። ከዋና ከተማዋ በተራቀ ቁጥር ግን ፈጣን መሙያ እንደ ነዳጅ ማደያ በየከተማው አይገኝም፤ በቤት ሶኬት መሙላት ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ይፈጃል። እዚህ ላይ ነው የብስክሌት ማሰሪያ ቦታ ተራ ጉዳይ መሆኑ የሚቀረው።

እንግዲህ ከኋላ ይሁን ከተባለ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፤ በምን ላይ ይታሰራል? የውጭ አገሮቹ መደገፊያ የሚሰካው መኪና ተጎታች በሚስብበት መንጠቆ፣ ሾፌሮች ጋንቾ በሚሉት ላይ ነው። ጋንቾው ደግሞ ከፕላስቲኩ ፓራውልት ጀርባ ካለው የመኪናው አጥንት ጋር በብሎን የታሰረ ነው። ወደ ኢትዮጵያ የገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች አብዛኞቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ሲሆኑ ጋንቾ ይዘው አልመጡም። ብዙዎቹ ጣራቸውም መስታወት ነው፤ ፖርቶ መጋላ የሚይዝበት ሐዲድ የለውም። ባለመኪናው ከላይም ከኋላም ቦታ አጣ ማለት ነው።

በመርካቶ እንዲህ ያለ ችግር ሳይፈታ አያድርም። ምናለሽ ተራ አሮጌ ብረት አዲስ ዕቃ የሚሆንበት ሰፈር ነው፤ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ የሚፈለግበት ነው። አራት ማዕዘን ብረት ቆርጦ፣ በየዳ አያይዞ፣ ቀለም ቀብቶ በግማሽ ቀን መደገፊያ የሚያወጣ ባለሙያ አይጠፋም፤ እጃቸውም የሚናቅ አይደለም። አደጋው ያለው በብየዳው ጥራት ሳይሆን የሚበየድበት መኪና ከለመዱት የተለየ በመሆኑ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ በወለሉ ሥር ከፊት እስከ ኋላ ጎማ ተዘርግቶ የተኛ ነው። በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት የሚያሳልፉት ብርቱካናማ ገመዶች ከእሱ ይነሣሉ፤ በአንዳንዱ ሞዴል ሞተሩ ራሱ ከኋላ ነው። በመኪናው አካል ላይ የሚለቀቅ የብየዳ ኤሌክትሪክና ሙቀት የመቆጣጠሪያ ኮምፒውተሮችን ሊያበላሽ፣ ከዚያም አልፎ ባትሪውን ሊጎዳ ይችላል። አምራቾች ብየዳ የግድ ሲሆን እንኳ ከፍተኛ ቮልት ያለው ክፍል አስቀድሞ በሠለጠነ ሰው እንዲለያይ የሚያዝዙት ለዚህ ነው። በገዛ ወለሉ ሥር ምን እንዳለ ሳያጣራ መሰርሰሪያ የሚያስገባ ሰው ከመኪናው ዋጋ ትልቁን ድርሻ በያዘው ዕቃ ላይ ይጫወታል።

ሁለተኛው ጉዳይ ሚዛን ነው፤ ይህን ገበሬ ከመሐንዲስ ባላነሰ ያውቀዋል። ወደ ኋላ ያመዘነ ጭነት የተጫነባት አህያ አንገቷ ይነሣል፣ ዳገት ላይ ወገቧ ይከዳታል። መኪናም እንደዚሁ ነው። 50 ኪሎ ግራም ከኋላ ጎማው 1.3 ሜትር ርቆ ቢንጠለጠልና በፊትና በኋላ ጎማው መካከል 2.7 ሜትር ቢኖር፣ የኋላ ጎማው የሚሸከመው 50 ሳይሆን 74 ኪሎ ግራም ይሆናል። ትርፉ 24 ኪሎ ከፊት ጎማው የተነሣ ነው፤ መሪው በዚያው ልክ ይቀልላል። ይህ መኪናው በቆመበት ነው። ኮረኮንች ላይ ወይም በፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ሲዘል በመያዣው ላይ የሚያርፈው ጉልበት ደጋግሞ ከክብደቱ ይበልጣል፤ ደካማ ብየዳ የሚሰነጠቀውም በመጀመሪያው ቀን ሳይሆን ከብዙ መንገጫገጭ በኋላ ነው። ስለዚህ መሸከምና መጎተት አንድ አይደሉም፤ አንዱ ተፈቀደ ማለት ሌላው ተፈቀደ ማለት አይደለም። ቮልስዋገን ለአውሮፓ ገበያ ባቀረበው አይዲ 3 ላይ ጋንቾው ብስክሌት መደገፊያ እንዲሸከም ብቻ የታሰበ ነው፤ ተጎታች እንዲስብበት አልፈቀደም። በመርካቶ ጋንቾ ያስገጠመ ሰው ግን ብስክሌት ይዞበት ሳምንት ሳይቆይ ጋሪ ቢያስርበት ማንም «ተው» አይለውም። መኪናው ምን ያህል ጭነት እንደሚችል የተጻፈበት መመሪያ በቻይንኛ ሲሆን ደግሞ የሚያነብለት ሰው ከየት ይመጣል?

ሦስተኛው ጉዳይ የራሱ የመርካቶ ነው። የሲገል ወርድ 1 ሜትር ከ72 ሳንቲ ሜትር አይሞላም፤ ከኋላው በአግድም የታሰረ ማውንቴን ብስክሌት ደግሞ በሁለቱም በኩል ጥቂት ሳንቲ ሜትር ይወጣል። በአውራ ጎዳና ላይ ይህ ቁም ነገር አይመስልም። ተሸካሚው ኩንታል በጀርባው አዝሎ፣ ሱቅ በደረቴው ሸቀጡን አንጠልጥሎ፣ እናት ልጇን ይዛ በመኪናዎች መካከል በሚያልፉበት ገበያ ግን የጎማው ጫፍ ልብስ ይይዛል፣ ጉልበት ይመታል። መኪናው ያለ ድምፅ ይሄዳል፤ ኋላ መመለሱንም ሰው በጆሮው አያውቅም ማለት ይቻላል። የኋላ ካሜራውንና መሰናክል ጠቋሚውን ብስክሌቶቹ ይጋርዳሉ፤ ጠቋሚው ብስክሌቱን እንደ መሰናክል ቆጥሮ ሳያቋርጥ ሲጮኽ ሾፌሩ ይሰለችና ያጠፋዋል። ያኔ በዝምታ ወደ ኋላ የሚመለስ፣ ኋላውን የማያይ መኪና በአገሪቱ ትልቁ ገበያ መካከል ቆሟል። የሰሌዳ ቁጥሩና የኋላ መብራቶቹ መሸፈናቸውም ሌላ ጥፋት ነው። በጀርመንና በእንግሊዝ እንዲህ ያለ መደገፊያ የራሱን መብራትና ተደጋጋሚ ሰሌዳ እንዲይዝ የሚገደደው ከኋላ የሚመጣው አሽከርካሪ ፍሬን መያዙን እንዲያይ ነው።

ይህ ሁሉ «ብስክሌት በኤሌክትሪክ መኪና አይጫንም» ለማለት አያበቃም። አንድ ብስክሌት ብቻ ከሆነ የፊት ጎማው ተፈትቶ፣ የኋላ ወንበሩ ታጥፎ በውስጥ መግባቱ ከሁሉ ይሻላል፤ ከነፋስም፣ ከሌባም፣ ከአቧራም ይተርፋል። ሁለትና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ ጋንቾው በመኪናው አምራች ለዚያ ሞዴል የተሠራና በብሎን የሚታሰር ከሆነ የኋላው መደገፊያ ከጣራው ይመረጣል። በጨርቅ ቀበቶ ከኋላ በር ላይ የሚንጠለጠለው ርካሽ ዓይነት ግን የብዙዎቹ መኪኖች የኋላ በር ጫፍ ስስ ፕላስቲክ ስለሆነ ሊሰነጥቀው ይችላል። እነዚህ ሁሉ ከሌሉ ሚኒባስ መከራየት ነውር አይደለም።

ትልቁ መፍትሔ ግን በባለመኪናው እጅ አይደለም። መንግሥት የኤሌክትሪክ መኪኖችን ለማበረታታት በወሰነው የጉምሩክ ቀረጥ ተገጣጥሞ ያለቀው 15 በመቶ፣ በከፊል የተገጣጠመው 5 በመቶ እንዲከፍል፣ ፈጽሞ ተበታትኖ የመጣው ደግሞ ከቀረጥ ነፃ እንዲሆን ማድረጉ፣ ገጣጣሚዎች አገር ውስጥ እንዲሠሩ በር ከፍቷል። ለአማራ ክልል አንባቢ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም፤ በደብረ ብርሃን የበላይነህ ክንዴ ግሩፕ ፋብሪካ ከቻይና በሚመጡ ክፍሎች የኤሌክትሪክ ሚኒባሶችን ይገጣጥማል። ተሽከርካሪው በፋብሪካ ሲገጣጠም የጋንቾ ማሰሪያ ቀዳዳዎችን፣ የጣራ ሐዲድን፣ የኋላ መብራት መሰኪያን ማዘጋጀት ለፋብሪካው ጥቂት ብሎንና ገመድ ነው። ያው ሥራ በኋላ በምናለሽ ተራ ሲሠራ ብየዳ፣ ግምትና አደጋ ይሆናል። አስመጪዎችም እንደዚሁ ናቸው። ጋንቾ የሚቀበል ሞዴል ለአውሮፓ የሚሸጥ አምራች ለኢትዮጵያ እንዲሸጥ የሚጠይቀው ካጣ አይልክም። እስካሁን ገዢው የሚጠይቀው ስለ ስክሪኑ ስፋትና ስለ ቀለሙ ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና የሌለው አርሶ አደርም ከዚህ ውጭ አይደለም። ከወረዳ ከተማ ወደ ዞን የሚሳፈርበት ሚኒባስ ውሎ አድሮ ኤሌክትሪክ ይሆናል። የዛሬው ሚኒባስ ጣራ ላይ የሽንኩርት ጆንያ፣ የዶሮ ቅርጫት፣ ማዳበሪያና ብስክሌት ይዞ ይሄዳል፤ የዕቃው ታሪፍም በረዳቱ አፍ ይወሰናል። ነገ ሾፌሩ ጣራ ላይ ያለው እያንዳንዱ ጆንያ ከባትሪው ላይ ኪሎ ሜትር እንደሚቀንስበት በስክሪኑ ሲያይ፣ የዕቃውን ዋጋ ከፍ ማድረጉ ወይም «አልጭንም» ማለቱ የማይቀር ነው። ለገበያ የሚወጣው ሽንኩርት በማን ኪሳራ ይሄዳል የሚለውን የትራንስፖርት ቢሮዎች ሚኒባሶቹ መንገድ ከሞሉ በኋላ ሳይሆን ከወዲሁ ቢያስቡበት የተሻለ ነው።

እስከዚያው በትክክለኛ ጋንቾ ብስክሌት ጭኖ ከመርካቶ የሚወጣ ሰው ጥቂት ልማዶችን ቢይዝ ይጠቅመዋል። መሪዎቹና ፔዳሎቹ እርስ በርስ እንዳይፋተጉ መካከላቸው ጨርቅ ይገባል። ላስቲክ ብቻውን ስለሚለጠጥና በቢላ ስለሚቆረጥ፣ በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ ሲቆም ብስክሌቱ እንዳይወሰድ በሰንሰለትና በቁልፍ ይያያዛል። ከገበያው እስኪወጣ ድረስ ወደ ኋላ የሚመለሰው አንድ ሰው ወርዶ ሲመራው ብቻ ነው። በፍጥነት መንገድ 100 ይሄድ የነበረ 80 ቢሄድ ከነፋሱ ግፊት ሲሶውን ያህል ይቀንሳል። አዲስ የታሰረ ብሎንና ቀበቶ በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ይላላል፤ በጎጃም መስመር የሚሄደው ሱሉልታ ላይ፣ በደሴ መስመር የሚሄደው ሰንዳፋ ላይ ቆሞ አንድ ጊዜ ቢያጠብቀው እስከ ቤቱ ይዘልቅለታል።